የሃሪ ዉስተር አባት ስም

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጠዋት ጠዋት ጎንደር አጠገብ ፀዳ ከተማ ካለው ቤቴ በር ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። ወደ ፒያሳ ሰው ጭነው የሚያልፉትን ታክሲዎች አያለሁ። አንዳንድ ቀን ሳላስበው ልብሴን ቀይሬ፣ ቦርሳዬን አንጠልጥዬ ከበሩ ከወጣሁ በኋላ ነው የምሄድበት መሥሪያ ቤት እንደሌለኝ ትዝ የሚለኝ። ሥራዬ መዝገብ ቤት ነበር። ሰው የማን ልጅ እንደሆነ፣ መቼ እንደተወለደ፣ ማንን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተበት ፈልጎ ማግኘት፤ ያልተጻፈ ከሆነም ጠይቆ መጻፍ። ዕድሜዬን በሙሉ የሠራሁት ይኸንኑ ነው።

በቅርቡ የእህቴ ልጅ ወልዳ የሕፃኑን የልደት ምስክር ወረቀት ለማውጣት አብሬያት ወደ ድሮው ቢሮዬ ሄድኩ። በእኔ ቦታ የተቀመጠችው ሠራተኛ ደህና ሰው ናት፤ ብድግ ብላ ተቀበለችኝ። የእናትና የአባት ስም ጠየቀች፣ ኮምፒዩተሩን መታች፣ ወረቀቱ ወጣ፣ ማኅተም አረፈበት፣ አለቀ። እኛ ሰው ስናመላልስ የምንከርምበትን ጉዳይ በቆምንበት ጨረሰችው። የሚያስመሰግን ነው። እኔ ግን ደረጃውን ስወርድ ሆድ ባሰኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ሰው ተቀምጦ ስለ እናቱ ሲያወራ መስማት ናፍቆኝ ነበር።

ሥራ የጀመርኩት አምባ ጊዮርጊስ ነው። ትምህርቴን እንደጨረስኩ የእጅ ጽሑፏ ሸጋ ነው ተብዬ በወረዳው መዝገብ ቤት ተቀጠርኩ። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለቀለብ ደርሶ ለጫማ አይተርፍም ነበር። ብርዱ ጣት ስለሚያደነዝዝ ጠዋት ብዕር ለመያዝ እጃችንን በእስትንፋሳችን እናሞቅ ነበር። አለቃዬ አያ አለልኝ ይባሉ ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ በልጅነታቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ተምረው በኋላ ወደ መንግሥት ሥራ የገቡ ሰው ነበሩ። ጋቢያቸውን ከኮታቸው በላይ ደርበው ነበር የሚሠሩት። የማውቀውን ሁሉ ያወቅኩት ከእሳቸው ነው።

አያ አለልኝ ለጉዳይ የመጣን ሰው ስም መጀመሪያ አይጠይቁም። አግዳሚው ላይ ያስቀምጡትና ውኃ ያስጠጡታል። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ገብሱ ይጠይቁታል። ሰውየው ትንፋሹ ሲመለስ፣ እናትህን ማን ቀበራቸው ይሉታል። መጀመሪያ ሰሞን ነገሩ ያስደነግጠኝ ነበር። በኋላ ምክንያቱን ነገሩኝ። ሰው የልደት ቀኑን አያውቅም፤ የአያቱን ስም ያሳስታል፤ የቀበረውን ግን አይረሳም። መቃብሩ ከታወቀ አጥቢያው ይታወቃል፤ አጥቢያው ከታወቀ የንስሐ አባቱ ይታወቃሉ፤ እሳቸው ደግሞ የቤተ ሰቡን የክርስትና ስም ሁሉ ያውቃሉ። እንዲህ እያሉ ከሞት ወደ ልደት ወደ ኋላ ይሄዳሉ። ሕያው ነው ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት አለመቀበሩን አረጋግጪ፤ አለዚያ የሙት ሰው ስም ለሌላ ትሰጫለሽ ይሉኝ ነበር።

የስሙ ነገር ራሱን የቻለ ሥራ ነው። አንዱ ሰው ለግብር በአንድ ስም ይጠራል፣ እናቱ ሌላ ስም አውጥታለታለች፣ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በክርስትና ስሙ ብቻ ታውቀዋለች። ሦስት ሰው መስለው የሚመጡ ስሞች አንድ ገበሬ ሆነው ያርፋሉ። አያ አለልኝ ስሙን መጀመሪያ በእርሳስ ይጽፉና ለባለቤቱ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡለታል። ሲያነቡ ወረቀቱን ሳይሆን የሰውየውን ፊት ነው የሚያዩት። ፊቱ እሺ ካላለ በቀለም አይጽፉም። ይህን ልማድ ወስጄ እስከ መጨረሻው ቀን ሠራሁበት። አያ አለልኝ እኔ ወደ ጎንደር ከተዛወርኩ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። እስካሁን አንድ ነገር ሲከብደኝ ድንገት እሳቸውን ልጠይቅ ብዬ አስባለሁ።

ጎንደር ማዘጋጃ ቤት ስገባ ሥራው ሰፋ። ወደ ውጭ የሚሄድ፣ ከውጭ የሚመጣ፣ ውርስ የሚጠይቅ፣ ሁሉም እኛ ጋ ነው የሚመጣው። ካለፉት አለቆቼ አንዱ በቀን ብዙ ሰው ማስተናገድ የሚወዱ ነበሩና እኔ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ስቀመጥ ሲያዩ ይቆጡኝ ነበር። ደግ ሰው ነበሩ፤ ወረፋው ነው ያስጨነቃቸው።

ከዚያ ዘመን የማልረሳው ከእስራኤል የመጣ አንድ ጎልማሳ ነው። ዘመዶቹ ወደ ወገራ በሚወስደው መንገድ ከአንዲት መንደር ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ሆነው ይኖሩ ነበር፤ ከአገር ከወጡ ቆይቷል። እሱ የአያቱን ስም ብቻ ያውቃል። እኛ ጋ የተጻፈ ነገር አጣሁ። በመጨረሻ ከተማው ውስጥ ሱቅ ያላቸውን አንድ ሙስሊም ሽማግሌ ነጋዴ ጠየቅኳቸው፤ አባታቸው በዚያ መንደር በኩል ጨው ይነግዱ እንደነበር ሰምቼ ነው። ሽማግሌው የሰውየውን አያት በስም ሳይሆን በሚሠሩት ማረሻ አስታወሷቸው፤ አባታቸው ከዚያ ቀጥቃጭ ሌላ ማረሻ እንደማይገዙ ነገሩን። እሳቸው በነገሩን ምልክት ቦታውን አገኘነው። አሁን እዚያ የሚኖረው ገበሬ ወደ ጓሮው ወስዶ፣ እዚህ ጋ ሲቆፈር ከሰልና የብረት ፍርፋሪ ይወጣል አለን። እንግዳው ከዚያች ጥቁር አፈር ላይ ብዙ ቆመ። እኔም ያን ቀን ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ገባኝ፦ በእኛ አገር የአንድ ሰው ታሪክ የሚገኘው በወረቀትም በዘመድም ሳይሆን በሦስተኛ ሰው ዘንድ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ በላይ የያዘኝ ግን የእማማ ደብሪቱ ጉዳይ ነው። ጡረታዬ ሲቃረብ ጀምሬው ጡረታ ከወጣሁም በኋላ ያልተውኩት።

እማማ ደብሪቱ የአዘዞ ሰው ናቸው። ዓይናቸው የውኃ ቀለም አለው። እናታቸው ወይዘሮ አትጠገብ ጣልያን ተሸንፎ ከጎንደር ሲወጣ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ከመጣ አንድ ወጣት መካኒክ ጋር አንድ ዓመት ያህል አብረው ኖረዋል። ወጣቱ ጦሩ ሲታዘዝ አብሮ ሄደ፤ እናትየዋ ያን ጊዜ ነፍሰ ጡር ነበሩ። ከዚያ በኋላ ወሬው አልተሰማም። እናትየዋ እስኪሞቱ ድረስ ሃሪ ዉስተር እያሉ ይጠሩት ነበር። ደብሪቱ በእናታቸው አባት ስም እየተጠሩ አደጉ።

ቢሮዬ ሲመጡ የፈለጉት ምስክር ወረቀት አልነበረም። እንደ አያ አለልኝ አስቀምጬ ውኃ ሰጠኋቸውና ጉዳያቸውን አወሩልኝ። ለጋብቻ በተጠየቁ ጊዜ ሽማግሌዎች እንደ ልማዱ ዝምድና እንዳይኖር በሁለቱም ወገን እስከ ሰባት ቤት ቆጠሩ። በእናታቸው በኩል አለቀ። በአባታቸው በኩል ሲደርሱ አንዱ ሽማግሌ፣ ከእንግሊዝ ጋር ምን ዝምድና ይኖረናል ብለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቆጠራው በዚያው ቀረ።

«ሁሉም ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም» አሉኝ። «ሀብቱን አልፈልግም፤ አገሩንም አልፈልግ። የአባቱን ስም ንገሪኝ፤ የአባቱንም አባት። እስኪ እኔም እንደ ሰው ልቁጠር።»

የእንግሊዝን መዝገብ በዚያን ጊዜ የሚያውቅ ሰው በአካባቢዬ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም። በስልኬ ኢንተርኔት ስፈልግ ስፈልግ በአገራቸው የሰው የዘር ሐረግ በነጻ የሚያፈላልጉ ጡረተኞች እንዳሉ አየሁ። በትምህርት ቤት እንግሊዝኛዬ ጻፍኩ። ወይዘሮ ፓትሪሺያ የሚባሉ የቀድሞ አስተማሪ መለሱልኝ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ተጻጻፍን። በአካል ተያይተን አናውቅም፤ ከባልደረቦቼ ሁሉ እንደ እሳቸው የምቀርበው ግን የለኝም።

እሳቸው ያስተማሩኝን ሳስብ እስካሁን ይገርመኛል። በአገራቸው በየዐሥር ዓመቱ ቆጠራ ይደረጋል፤ በአንድ ሌሊት በየቤቱ ያደረ ሰው ሁሉ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ሥራውና የተወለደበት ቦታ ይጻፋል። ያ ቆጠራ መቶ ዓመት ሳይሞላው ለሰው አይከፈትም። ከቆጠራው በፊት ያለው ደግሞ በየአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ይገኛል፤ ጥምቀት፣ ጋብቻ፣ ቀብር። ወይዘሮ ፓትሪሺያ የአንዱን መዝገብ ፎቶ ላኩልኝ። ጽሑፉ ከጠመዝማዛነቱ የተነሣ መጀመሪያ አንድም ቃል አላነበብኩም። እየቆየሁ ግን የጸሐፊውን እጅ ለመድኩት። ቄሱ የደከመበትን ቀን፣ ቀለሙ የቀጠነበትን፣ የድሃ ልጅ ሲያጠምቅ ቸኩሎ የጻፈውን መለየት ጀመርኩ። የቤተ ሰብ ስም የሚሉት ነገርም ገረመኝ፤ ከቅድመ አያት ጀምሮ እስከ ልጅ አንዱ ስም ይወርዳል፤ ሴቲቱ ግን ስታገባ ስሟ ይጠፋል። የእኛዋ ሴት እስክትሞት የአባቷ ልጅ ናት። ይህን ስጽፍላቸው ወይዘሮ ፓትሪሺያ፣ እኔም አንዳንዴ የራሴን ስም እናፍቃለሁ ብለው መለሱልኝ።

ዉስተር የሚባል የቤተ ሰብ ስም በእርግጥ አለ፤ ያውም ብዙ ሰው የለውም። ይህ ደስ አሰኘን። ያን ጊዜ ተከፍቶ በነበረው ቆጠራ ውስጥ በደቡብ በኩል ካለች መንደር ሃሪ ዉስተር የሚባል የገበሬ ልጅ አገኘን። ዕድሜው ለወታደርነት ይስማማል። ወንድሙ ብረት ሠሪ ነው፤ ከብረት ሥራ ወደ መካኒክነት ቅርብ ነው አልን። ከእሱ ተነሥተን በአጥቢያው መዝገብ ወደ ኋላ ሄድን። ብዙ ወር ፈጀብን። በመጨረሻ ሰባቱም ሞሉ፦ ሃሪ፣ ጆርጅ፣ ዊልያም፣ ጆን፣ ዊልያም፣ ጆን፣ ቶማስ።

አዘዞ ሄጄ ሳነብላቸው እማማ ደብሪቱ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እንደገና አነበብኩ። ምነው ስም አጥተው ነው የሚደጋግሙት ብለው ሳቁ፤ ሲስቁም ዕንባቸው ይወርድ ነበር። በሳምንት ውስጥ በቃላቸው ያዙት። ለጎረቤት ቆጠሩ፤ ለልጆቻቸው ቆጠሩ። የንስሐ አባታቸውን ጠርተውም እነዚህን ሰዎች በጸሎትዎ ያስቡልኝ አሉ። ቄሱ ሃይማኖታቸው ሌላ ነው ብለው ሲያመነቱ፣ ሁሉም መጠመቃቸው በመዝገብ ተጽፏል ብለው ተከራከሩ። ቄሱ ደግ ሽማግሌ ናቸው፤ በግል ጸሎቴ አስባቸዋለሁ አሏቸው፤ አደረጉትም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ተቋረጠ። በክልላችን ጸጥታው ደፍርሶ ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ጠፋ። ሲመለስ የወይዘሮ ፓትሪሺያ መልእክት ተጠራቅሞ ጠበቀኝ። የመጀመሪያው ደህና መሆኔን ይጠይቃል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ የቀብር መዝገብ ፎቶ ነበረበት። የእኛ ሃሪ ዉስተር ጦርነቱ ከመነሣቱ በፊት በሳንባ በሽታ ሞቶ በዚያችው መንደር ተቀብሯል። አባቱ፣ መንደሩ፣ ዕድሜው፣ ሁሉም ልክ ነው። አዘዞን በዓይኑ አላየም።

ስልኩን ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሰው ሁሉ የተቀበረ መሆን አለመሆኑን ስጠይቅ የኖርኩ ሰው፣ የጥምቀቱ መዝገብ አምሮልኝ ቀብሩን ሳላፈላልግ ቀርቻለሁ። ወይዘሮ ፓትሪሺያም ጥፋቱ የእኔ ነው እያሉ ጽፈዋል። የማን እንደሆነ መለየቱ የሚጠቅም አልነበረም። ለእማማ ደብሪቱ መንገር ነበረብኝ።

በማግሥቱ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ጌሾ እያሰጡ ነበር። ተቀመጥኩና ሳልዞር ነገርኳቸው፦ ያገኘነው ሰው አባትዎ አይደለም፤ ሰባቱም ስም የሌላ ሰው ነው። እጃቸው ቅጠሉ ላይ ቆመ። ከዚያ ቀስ ብለው ስሞቹን በሹክሹክታ ቆጠሩ፤ ሃሪ፣ ጆርጅ፣ ዊልያም እያሉ እስከ ቶማስ ድረስ።

ለንስሐ አባትዎ ልንገራቸውና ጸሎቱን ይተዉት አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ።

«ይቆዩ» አሉ። «እስከ ዛሬ ሲታሰቡ ኖረዋል። ዛሬ ተነሥቼ ከጸሎት ውጡ ልበላቸው? የሚያስባቸው ሌላ ሰው አላቸው ብለሽ ነው?»

ወደ ቤቴ የተመለስኩት በእግሬ ነው። ከአዘዞ እስከ ፀዳ ያለውን መንገድ እንዴት እንደሄድኩት አላውቅም። በሥራ ዘመኔ ብዙ ጉዳይ ሳይገኝ ቀርቷል፤ ለሰው የለም ማለት ለምጄዋለሁ። ሰጥቼ መንጠቅ ግን ያን ቀን ብቻ ነው የደረሰብኝ። ለብዙ ሳምንት መጻፍም መፈለግም አቆምኩ። ቤት ውስጥ ስቀመጥ የአምባ ጊዮርጊሱ አግዳሚ ይታየኝ ነበር። አያ አለልኝ ከሰው ስም በፊት ስለ ገብሱ የሚጠይቁት ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ይበልጥ ገባኝ። እማማ ደብሪቱን ስለ ስሙ ብቻ ነው የጠየቅኳቸው፤ ስለ ሰውየው ጠይቄያቸው አላውቅም።

ተመልሼ ሄድኩና ስም ሳላነሣ፣ እናትዎ ስለሱ ምን ያወሩ ነበር አልኳቸው። ቀኑን ሙሉ አወሩኝ። ዓሣ እንደሚወድ፣ በርበሬ እንደሚያስለው፣ የመኪና ሞተር ሲጠግን እንደሚያፏጭ። አንድ ቀን ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ የተንጠለጠለውን የድንጋይ ደወል አይቶ እንደ ሕፃን እንደተደሰተ፣ ደዋዩን ለምኖ ደወሉን ራሱ እንደመታ። አባቴ በአገሬ የቤተ ክርስቲያን ደወል ገመድ ይስባል ብሎ በእጁ እያሳየ እንደነገራቸው። እናቱ ደግሞ ቤት ተቀምጣ ከስስ ቆዳ የእጅ ጓንት እንደምትሰፋ። እማማ ደብሪቱ ይህን ሁሉ ሲያውቁ ኖረዋል፤ እኔ አልጠየቅኳቸውም፤ እሳቸውም ለመዝገብ የሚሆን ነገር አልመሰላቸውም።

ይህን ለወይዘሮ ፓትሪሺያ ጻፍኩላቸው። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ አሮጊቷ የአባታቸውን ስም እናታቸው በጠሩበት አኳኋን ሲጠሩ በድምፅ ቅጂልኝ አሉ። ቀድቼ ላክሁ። መልሱ ወዲያው መጣ። እማማ ደብሪቱ የሚሉት ዉስተር የቤተ ሰብ ስም አይደለም፤ የከተማ ስም ነው። ሲጻፍ ብዙ ፊደል ስላለው ያነበበ ሰው ዎርሴስተር ይለዋል፤ የከተማው ሰው ግን ዉስተር ነው የሚለው። እኔ ከመጀመሪያው የሰማሁትን በራሴ አጻጻፍ ስለላክሁላቸው እሳቸው ወደ ሌላ ስም ሄዱ። ከተማው ደግሞ በቆዳ ጓንት ስፌት የታወቀ ነበር።

ነገሩ የተምታታበት ቦታም ታየኝ። ወይዘሮ አትጠገብ ወጣቱን እንደ አገራችን ወግ የማን ነህ ብለው ጠይቀውት ይሆናል። እሱ ቋንቋውን ገና አያውቅም፤ ከየት ነህ ያሉት መስሎት አገሩን ተናገረ። እሳቸውም የአባቱን ስም የነገራቸው መስሏቸው ዕድሜ ልካቸውን ያዙት።

በዚያው ወቅት መቶ ዓመት የሞላው አዲሱ ቆጠራ ተከፍቶ ነበር። ወይዘሮ ፓትሪሺያ በባቡር ወደዚያ ከተማ ሄዱ። በአገራቸው ደወል ደዋዮች ለትልቅ በዓል ሲደውሉ ስማቸው በሰሌዳ ተጽፎ ከደወሉ ቤት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። ከአንዱ ቤተ ክርስቲያን ወደ ሌላው እየዞሩ የሰሌዳውን ስም ከቆጠራው ጋር አስተያዩ። አልበርት ሆልት የሚባል ደወል ደዋይ አገኙ፤ ሚስቱ በቤቷ ጓንት ሰፊ፣ ልጁ ሃሪ ገና ሕፃን። በአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ሃሪ የሚል አጥተው ትንሽ ተጨነቁ፤ ሄንሪ የሚል ግን ነበር። በእነሱ አገር ሄንሪ ተብሎ የተጠመቀ ልጅ በቤቱ ሃሪ ይባላል። ይህን ሲጽፉልኝ ብቻዬን ሳቅሁ፤ የክርስትና ስምና የቤት ስም እንግሊዝ አገርም ደርሶ አገኘሁት።

በዚህ ጊዜ አልቸኮልኩም። ቀብሩን ፈልጉልኝ አልኳቸው። ሃሪ ሆልት ከጦርነቱ በሰላም ተመልሷል፤ አግብቷል፤ አውቶቡስ ሲጠግን ኖሮ አርጅቶ ሞቷል። ጂን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረችው፤ አሁን እሷም ባልቴት ናት፤ በዚያው ከተማ ትኖራለች። ወይዘሮ ፓትሪሺያ በሯን አንኳኩተው ጠየቋት። ጂን ግራ ተጋብታ ብዙ ቆይታ፣ የአባቷን ፎቶ ከመሳቢያ አወጣች። ቁምጣ ሱሪ የለበሰ ወጣት የፋሲል ግንብ አጥር ላይ ተደግፎ ይስቃል።

እርግጠኛ ነን ለማለት ግን አልደፈርኩም። ለእማማ ደብሪቱ ይመስላል ብቻ አልኳቸው፤ በእርሳስ እንደተጻፈ ይቁጠሩት አልኳቸው። ፎቶውን በስልኬ አሳየኋቸው። ዓይኑን ሳይሆን እጁን ነው ብዙ ያዩት።

ጂን በቪዲዮ ልታነጋግራቸው እሺ አለች። ቀን ቆረጥንና አዘዞ ሄድኩ፤ ኔትወርኩ ከቤት ውስጥ ስለሚቆራረጥ ከግቢው ዋርካ ሥር ተቀመጥን። እማማ ደብሪቱ ነጭ ነጠላ ለብሰዋል። ስክሪኑ ላይ አንዲት መነጽር ያደረገች ሽበታም ሴት ብቅ አለች። ሁለቱም ተያዩ። ከዚያ ጂን እጇን አውለበለበች፤ እማማ ደብሪቱም ከወንበራቸው ከፍ ብለው እጅ ነሡ።

እኔ በመሐል እያስተረጎምኩ እማማ ደብሪቱ ጠየቁ። ቁመቱ እንዴት ነበር፤ ረጅም ነበር። ያፏጭ ነበር ወይ፤ እስኪሰለቸን ድረስ አለች ጂን። ማን ቀበረው አሉ። እኔ ነኝ የቀበርኩት አለች። ስለ ጦርነቱ አንድም ነገር አውርቶ እንደማያውቅ፣ እህት ይኖረኛል ብላ አስባ እንደማታውቅ ነገረቻቸው። የአባቱ አባት ሳሙኤል እንደሚባል፣ ከዚያ በላይ ወይዘሮ ፓትሪሺያ ገና እየፈለጉ መሆናቸውንም አከልኩላቸው። ሃሪ፣ አልበርት፣ ሳሙኤል ብለው አንድ ጊዜ ቆጠሩና ይበቃል የሚሉ ይመስል እጃቸውን አጣጠፉ።

ከዚያ ትንሽ አስበው፣ «ምን ብሎ ይጠራሽ እንደነበር ጠይቂልኝ» አሉኝ።

ጠየቅኳት። ጂን ሳቀች። በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም አለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ እስኪሞት ድረስ የሚጠራት አንድ ቃል ነበረው፤ ትርጉሙን እናቷም አታውቀውም ነበር። ስትጠይቀው እዚያ ሳለሁ የሰማሁት ነው እያለ ያልፋታል። ቤተ ሰቡ ከሠራዊቱ ያመጣው የወታደር ቃል መስሏቸው ኖረዋል። ከዚያ አባቷ እንደሚለው አድርጋ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጋ ተናገረችው።

«ልጄ።»

እኔ አፌን ከፈትኩ፤ ለማን ምን እንደማስተረጉም ግን ጠፋኝ። ጂን ትርጉሙን ታውቂዋለሽ ወይ እያለች ትጠይቀኛለች። እማማ ደብሪቱ እጃቸውን ክንዴ ላይ አሳረፉ።

«እንደገና እንድትለው ንገሪያት» አሉኝ።

ነገርኳት። ጂን ወደ ስልኩ ቀረብ ብላ፣ አሁን ቀስ ብላ፣ እንደገና «ልጄ» አለች።

እማማ ደብሪቱ ነጠላቸውን አስተካከሉ። እኔን አላዩኝም፤ ስክሪኑንም የሚያዩ አይመስሉም ነበር። ትንሽ ልጅ ከጓሮ ሆና ስትጠራ በምትመልስበት ድምፅ፣

«አቤት» አሉ።